የብርቱካን ስም በቻይንኛ ጽሕፈት፦ ዛፍና ድምፅ

በሐረር ሸዋ በር ገበያ የተለመደው ብርቱካን፣ የቻይንኛ ጽሕፈት አሠራር ለጀማሪ ተማሪ የሚገለጥበት ጥሩ ምሳሌ ነው።

የቻይና ኩባንያዎች የገነቡት የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በአቅራቢያዋ ድሬዳዋ በኩል ያልፋል። በዚህ አካባቢ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ቻይንኛ ማወቅ ይጠቅመዋል፤ ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን ብዙ ጊዜ ጽሕፈቱ ነው።

ብርቱካን በቻይንኛ «ቸንግ» ይባላል፤ ሲነገር ድምፁ ወደ ላይ ከፍ ይላል። የሚጻፍበት ምልክት 16 ጭረቶች ቢኖሩትም የሁለት ክፍሎች ጥምረት ነው። በግራ ያለው ባለ 4 ጭረት «ሙ» ዛፍ ማለት ሲሆን፣ ትርጉሙን ይጠቁማል። በቀኝ ያለው ባለ 12 ጭረት «ደንግ» ለብቻው ሲቆም «መውጣት» ማለት ነው፤ እዚህ የገባው ግን ለድምፁ ነው። ሁለቱ ድምፆች ተቀራራቢ እንጂ አንድ ስላልሆኑ ትክክለኛውን ንባብ ከመምህር መስማት ያስፈልጋል።

ይኸው የዛፍ ምልክት በኮክና በሎሚ ስሞችም ይገኛል። ሙዝ በአንጻሩ ግንዱ እንጨት ስላልሆነ በእጽዋት ሳይንስ ከዛፍ አይቆጠርም፤ ከስሙ ሁለት ምልክቶች በሁለተኛው አናት ላይም የሣር ምልክት አለ። ይሁንና ደንቡ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ማንጎ ዛፍ ሆኖ ሳለ የስሙ የመጀመሪያ ምልክት የሣር ምልክት ይዟል።

የአማርኛው «ብርቱካን» በዓረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ስም የመጣ ነው። አማርኛው ፍሬውን ያስፋፋውን አገር ሲያስታውስ፣ ቻይንኛው ፍሬውን ያፈራውን ዛፍ ያሳያል። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ 16ቱን ጭረቶች ከመሸምደዱ በፊት የዛፍን 4 ጭረቶች ቢለማመድ፣ ለብዙ ፍራፍሬዎች ስም የሚያገለግል መነሻ ያገኛል።