ፎገራ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ?

መጋቢት ላይ ለእረፍት አንበሳሜ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር በመኪናቸው ወደ ወረታ ጉዞ ጀመርን። ሐሙሲትን አልፈን ጉማራን ስንሻገር ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውጪ ሙቀት መለኪያ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? ከዜሮ በታች 40!

«ጋሼ፣ በረዶ ላይ ነው እንዴ የምንሄደው?» አልኳቸው።

«አንተ ትቀልዳለህ! ቁጥሩስ ይቅር፣ ኤሲው ጭምር እምቢ ብሎኛል እኮ» አሉኝ። አንድ ጋራዥ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሏቸው፣ ከሩዝ ሽያጭ ያገኟትን ብር ለዚያው ሊያውሉ ተዘጋጅተዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ቁጥሩና ኤሲው አንድ ሰሞን እንዴት ተበላሹ?

ወረታ ደርሰን አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጠየቅን። ነገሩ እንዲህ ነው። የውጪውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ፓራውልቱ ኋላ፣ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የተንጠለጠለ ትንሽ ዕቃ ነው። ሲሞቅ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ይህን ወደ ዲግሪ ይተረጉመዋል። ታዲያ ሽቦው ከተበጠሰ ኤሌክትሪክ ጭራሽ አያልፍም። ኮምፒውተሩም «ውጪው እጅግ ቀዝቅዟል» ብሎ ይደመድምና በብዙ መኪኖች የመጨረሻውን ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። በአንዳንዶቹ ሰረዝ ብቻ ይታያል። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ከተነካኩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ላይ ይሰቀላል።

ኤሲውስ? አውቶማቲክ ኤሲ ያላቸው ብዙ መኪኖች ውጪው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ኮምፕረሰሩን አያስነሱም። ስለዚህ የጋሼ ኮምፕረሰር አልሞተም፤ በሐሰት ወሬ ተከልክሎ ነው!

ምርመራው በሦስት ደረጃ ተከናወነ።

አንደኛ፣ በዓይን ማየት። ሶኬቱ መውለቁን፣ መዛጉን፣ ጭቃ መግባቱን ማረጋገጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ሴንሰሩን ነቅሎ በቴስተር መለካት። በብዙ መኪኖች 25 ዲግሪ ላይ ከ1,500 እስከ 10,000 ኦም ባለው መካከል ያነባል፤ ትክክለኛው እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። በእጅ ጨብጠው ሲያሞቁት ቁጥሩ መውረድ አለበት። የእኛው ወረደ፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመኪናው በኩል ያለውን የዚያኑ ሶኬት ሁለት ጫፎች በትንሽ ሽቦ ለአፍታ ማገናኘት። መስመሩ ደህና ከሆነ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ንቅንቅ አላለም። እንግዲያው የተበጠሰ ሽቦ አለ ማለት ነው። መስመሩን ተከትሎ ሲሄድ ከፋናው ኋላ አገኘው፤ አይጥ በልታዋለች! ጋሼ መኪናቸውን የሚያቆሙት የሩዝ ገለባ ክምር ሥር ነው። ልጁ ሽቦውን ቀጥሎ በናስትሮ ጠቀለለው። ምን አለፋችሁ፣ የተከፈለው ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፀሐይ ላይ ቆሞ የነበረ መኪና ከእውነተኛው በላይ ቢያሳይ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ የሞተሩና የአስፋልቱ ሙቀት ሴንሰሩን ስለሚያግለው ነው። ትንሽ ተነድቶ ንፋስ ሲያገኝ ይስተካከላል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎችም ቴርሞሜትራቸውን ንፋስ በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ በጥላ የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው።

እኛም ጥገናውን የፈተንነው በመንገድ ነው። ወረታ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በ1,000 ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ሽቅብ ስንወጣ ቁጥሩ አምስት ስድስት ዲግሪ መውረድ ነበረበት። ወረደም።

ጋሼ ኤሲውን ከፍተው «ለካ ዓይኑ ሳይሆን ምላሱ ነው የተቆረጠው» አሉ። እኔም ክፍል ውስጥ የተማርነው ትዝ አለኝ፤ ምንጩ ጤነኛ ሆኖ ወሬው በመንገድ ሊበላሽ ይችላል። ዜናም ሆነ መኪና፣ ትልቁን ዕቃ ከመቀየራችን በፊት መስመሩን እንመርምር።