የፒካፕ ጎማ፦ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

የአርሲ ገበሬ ፈረስ ያውቃል። ኮርቻ ሲገዛ የቆዳውን ውበት ብቻ አያይም። የፈረሱን ጀርባም ያያል። ለአንድ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ በሌላው ላይ ይጫናል፤ ይታሰራልም። ካልተስማማ ግን ጀርባውን ይልጠዋል፤ ያቆስለዋል። የመኪና ጎማም እንዲሁ ነው። ያልተስማማ ጎማ ግን የሚጎዳው መኪናውን ብቻ አይደለም። የተሳፈረውን ሰውም ይጎዳል።

ፒካፕ ገብስ ወደ ገበያ ያወርዳል። ምጥ የያዛትን እናት ወደ አሰላ ሆስፒታል ያደርሳል። የማኅበር ይሁን የግል፣ ወይም የኪራይ፣ ጎማው ማለቁ አይቀርም። አዲስ ጎማ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ጎማ ከነቸርኬው ይፈለጋል። ሻጩም «ግድ የለም፣ ይገባል» ይላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ መግባት ሌላ ነው፤ መስማማት ሌላ ነው።

መንገዳችንን እናስብ። አሰላ ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በኢተያና በዴራ አድርጎ አዳማ የሚያደርሰው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭነት ይዞ ቁልቁል የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ቸርኬውና ወደ ጎማው ያልፋል። ሸክም የበዛበት ጎማ ደግሞ ራሱም ይግላል። ደካማ ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማንበብ ተምረናል አይደል? ጎማም ይነበባል።

1. ልኩን እናንብብ

በጎማው ጎን ላይ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር አለ። ፊደሉ አያስፈራን። ቁጥሩ እኛ የምናውቀው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 225፣ ቀጥሎ 75፣ ቀጥሎ 16 ተጽፎ እናገኛለን። 225 የጎማው ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር ይለካል። 75 ማለት የጎማው የጎን ቁመት ከስፋቱ ከመቶ 75 እጅ ነው ማለት ነው። 16 ደግሞ የቸርኬው ልክ ነው፤ በኢንች ይለካል። አንድ ኢንች 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ለመኪናው የታዘዘው ልክ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛል። መመሪያ መጽሐፉም ይናገራል። የ16 ጎማ ለ16 ቸርኬ ብቻ ነው። ያልሆነውን በጉልበት ማስገባት ክፉ ነው። ንፋስ ሲሞላ ሊፈነዳና ጎሚስታውን ሊገድል ይችላል። አራቱም ጎማ፣ ስኮርታውም ጭምር፣ አንድ ልክ ይሁን።

2. ሸክሙን እናስላ

ከልኩ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር አለ። ይህ የሸክም ቁጥር ነው። ራሱ ኪሎ አይደለም፤ የኪሎ ምልክት ነው እንጂ።

91 ማለት 615 ኪሎ ነው።
100 ማለት 800 ኪሎ ነው።
104 ማለት 900 ኪሎ ነው።
112 ማለት 1,120 ኪሎ ነው።

ይህን ያህል የሚሸከመው አንዱ ጎማ ነው፤ ያውም ንፋሱ በልኩ ሲሞላ።

አሁን እንደምር። ባዶው ፒካፕ በኋላ ጎማዎቹ ላይ 8 ኩንታል ያርፋል እንበል። 8 ኩንታል ገብስ ጫንንበት፤ ገብሱም በኋላ ጎማዎች ላይ አረፈ። ድምሩ 16 ኩንታል ሆነ። 104 የሚል ሁለት ጎማ 18 ኩንታል ይሸከማል። ይበቃል። በብዙ የቤት መኪና ጎማ ላይ ግን 91 የሚል ቁጥር አለ። ሁለቱ የሚሸከሙት 12 ኩንታል ከ30 ኪሎ ብቻ ነው። 3 ኩንታል ከ70 ኪሎ ተረፈ! ያ የቤት መኪና ጎማ እኮ ልኩ 16 ከሆነ 16 ቸርኬ ላይ ይገባል። ገባ፤ ግን አልተስማማም።

ጎማው ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ ከመኪናው አቅም በላይ አይጫንም። ባሌስትራውና ፍሬኑ የራሳቸው ልክ አላቸው።

3. ቸርኬውን እንለካ

በመጀመሪያ የቡሎን ቀዳዳዎቹን እንቁጠር። ከዚያ ርቀታቸውን እንለካ። ባለ ስድስት ቡሎን በሆነው የቶዮታ ሂሉክስ ቸርኬ ላይ፣ ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ትይዩው ቀዳዳ መሐል 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። በሚትሱቢሺ ኤል 200 ላይም ይኸው ነው። ሰው «አንድ ናቸው» የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን የመሐሉን ትልቅ ቀዳዳ እንይ። የሂሉክሱ 106 ሚሊ ሜትር ነው። የኤል 200ው 67 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የኤል 200 ቸርኬ ሂሉክስ ላይ አይቀመጥም።

ጥልቀትም አለ። አንዳንድ ቸርኬ ጎማውን ወደ ውጭ ያወጣዋል። እንስራ ከጀርባ ርቆ ቢታዘል ወገብ ይሰብራል፤ ወደ ውጭ የወጣ ጎማም ኩሽኔታውን ይሰብራል። በጣም ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ከፍሬኑ ወይም ከባሌስትራው ጋር ይፋተጋል።

4. ዳዶውን አንርሳ

የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ከፋብሪካው የመጣ የቶዮታ አልሙኒየም ቸርኬ ዳዶ ግን ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ቀለበት አለው። ቸርኬ ሲለወጥ ዳዶውም ሊለወጥ ይችላል። ቦታው ያልሆነ ዳዶ የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ይላላል፤ ጎማው ወልቆ ይሄዳል።

ዳዶ በተራ አይጠብቅም። አንዱን፣ ከዚያ ትይዩውን እያልን እናጥብቅ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዝን በኋላ እንደገና ይጠበቅ። ከአሰላ የተነሳ ሾፌር አዳማ ሲደርስ ቁልፉን ያውጣ።

5. ዕድሜውን እንጠይቅ

በጎማው ጎን አራት ቁጥር ለብቻው ታትሟል። 2419 ቢል፣ 24ኛው ሳምንት፣ 2019 በፈረንጆች አቆጣጠር ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2011 ዓ.ም. ይሆናል። ላስቲክ ቢቀመጥም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ እንዲጣል ይመክራሉ፤ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም።

ከመክፈላችን በፊት አሮጌውን ጎማ ከነቸርኬውና ከነዳዶው ይዘን እንሂድ። ጎን ለጎን አስተኝተን እናስተያይ። ጎማው ከታሰረ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ እናዙር። ጭነት አድርገንም እንድገመው፤ መኪናው ባዶ ሳለ ያልነካ ጎማ ሲጫንበት ይነካልና። ሻጩ «ይገባል» ሲለን «ቁጥሩን አሳየን» እንበለው።

መልመጃ
አንድ ጎማ ላይ 100 የሚል የሸክም ቁጥር አለ። ሁለት እንዲህ ያሉ የኋላ ጎማዎች ስንት ኩንታል ይሸከማሉ? ባዶው ፒካፕ 8 ኩንታል ቢያርፍባቸው ለገብሱ ስንት ኩንታል ይቀራል? ሠርታችሁ ለጎረቤት አስረዱ። ከዚያም ወደ ፒካፑ ሄዳችሁ የራሱን ጎማ ቁጥር አንብቡ።