በደረቅ መሬት ስለ መቅዘፍና ስለ ወዳጆች ግጥሚያ

ቀዘፋ የውኃ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ዛሬ በብዙ አገር ሰዎች ከባሕርም ከወንዝም ርቀው፣ በቤታቸው እልፍኝ ወይም በስፖርት አዳራሽ ተቀምጠው፣ እግራቸው ሳይረጥብ ብዙ ሺህ ሜትር ሲቀዝፉ ይታያሉ። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመለከተው ሰው የሚያስቅ ነው፤ ቀዛፊው ይስባል፣ ይመለሳል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ዳሩ ግን ከነበረበት ቦታ አንድ ስንዝር እንኳ አልተራመደም። ሆኖም በዚህ በማይሄድ ጀልባ ላይ ባልና ሚስት፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ሹምና ጸሐፊ በአንድ ቡድን ሊሰለፉ መቻላቸው፣ ደካማውም ለብርቱው ሸክም መሆኑ ቀርቶ ረዳት መሆኑ፣ ስለ ቤተ ሰብ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ሊጻፍ የሚገባው ሆኖ አገኘነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ እንደሚተርከው፣ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ260 ዓመት ገደማ ከካርታጎ ሰዎች ጋራ በባሕር ለመዋጋት ባሰቡ ጊዜ፣ መርከቦቹ ገና በመሠራት ላይ ሳሉ ቀዛፊዎቹን በየብስ አስለመዷቸው። መቀመጫዎቹን በመርከብ ውስጥ እንዳለው ሥርዐት በመሬት ላይ ደረደሩ፤ አዛዡን በመካከል አቆሙ፤ ሰዎቹም በአንድ ድምፅ እጃቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፣ ደግሞም እጃቸውን እየዘረጉ ወደ ፊት ያጐነብሳሉ። የዛሬው የቤት ቀዛፊ የሚያደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አሁን በዓለም የታወቀው መኪና ግን የተወለደው በአሜሪካ ነው። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት የዛሬ ዘመን ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዲክና ፒት ድሬሲጋከር የተባሉ ሁለት ወንድማማች ቀዛፊዎች በ1976 ዓመት ኮንሰፕት ቱ የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው መቅዘፊያ ይሠሩ ነበር። በሚኖሩበት በቬርሞንት ክረምቱ ብርቱ ነውና ውኃው በረዶ ሲሆን ቀዛፊ ሁሉ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ አንድ ብስክሌት ከወለል ጋራ ቸንክረው ሰንሰለቱን በመሳብ ሞከሩ፤ ከዚህም ሙከራ የተነሣ በ1981 የመጀመሪያው መኪና ወጣ። መንኰራኵሩ ክንፍ የተበጀለት የብስክሌት ጐማ ነበር። ስሙን ኤርጎሜትር ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ «ኤርጎን» ሥራ፣ «ሜትሮን» መለኪያ ማለት ስለ ሆነ፣ የሥራ መለኪያ ብንለው ትርጓሜው አይስትም።

በቦስተን አጠገብ በቻርልስ ወንዝ የሚቀዝፉ ሰዎችም የክረምቱን መሰልቸት ለማራቅ በዚሁ መኪና መወዳደር ጀመሩ። ከእነርሱ መካከል አሜሪካ በ1980 ወደ ሞስኮ ኦሎምፒክ አልሄድም ባለች ጊዜ ከውድድሩ የቀሩ ነበሩባቸውና፣ ማኅበራቸውን በቀልድ «የቻርልስ ወንዝ ጊዜ ያለፈባቸው ኮከቦች» ብለው ሰየሙት። ለአሸናፊው ይሰጥ የነበረው ሽልማት መዶሻ ነው። በሣቅ የተጀመረው ነገር እያደገ ሄዶ፣ በ2018 የቤት ውስጥ ቀዘፋ የዓለም ሻምፒዮና በቨርጂኒያ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ። በ2021 ደግሞ የኮቪድ ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ በየቤቱ ዘግቶት ስለ ነበረ፣ ተወዳዳሪዎቹ እያንዳንዳቸው በያሉበት አገር ተቀምጠው በኢንተርኔት እየተያዩ ተሽቀዳደሙ። በታንኳ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አይሆንም።

አሁን የመኪናውን ጠባይ እንንገር፤ የነገሩ ቍልፍ ያለው በዚህ ነውና። ቀዛፊው በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት መቀመጫ ተቀምጦ እግሩን ከመርገጫው ጋራ ያስራል። እጀታውን ሲስብ ሰንሰለቱ ክንፍ ያለውን መንኰራኵር ያዞረዋል፤ መንኰራኵሩም ነፋሱን ይመታል፤ ነፋሱ ደግሞ ይቃወመዋል። የሚታገለን እንግዲህ የራሳችን ጕልበት ያስነሣው ነፋስ እንጂ የተጫነ ብረት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ለሳበ ይለዝባል፣ በኀይል ለሳበ ይከብዳል። ስለዚህ ሕፃን የተነሣበትን መኪና ምንም ሳያስተካክል ጐልማሳ ሊቀመጥበት ይችላል። በመንኰራኵሩ ጐን ከ1 እስከ 10 የተቈጠረ የነፋስ መግቢያ አለ። አዲስ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ወንድ የሆነ እንደ ሆነ፣ ጕልበቱን ለማሳየት ወዲያው 10 ላይ ያደርገዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ቍጥሩ የጀግንነት ማዕርግ ሳይሆን የሚገባው ነፋስ መጠን ብቻ ነውና። ሠሪዎቹ ራሳቸው ለብዙው ሰው ከ3 እስከ 5 ያለው ይበቃል ይላሉ።

በፊት ለፊት ያለው ትንሽ ሰሌዳ ቀዛፊው በዚህ አካሄድ 500 ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ ያሳየዋል። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት ሒሳብ እንዲታገሠን እንለምናለን። ጀልባን የሚቃወመው ውኃ ፍጥነት ሲጨምር እጅግ እየበረታ ስለሚሄድ፣ መኪናውም ይህን ሥርዐት ተከትሎ እንዲቈጥር ተደርጓል። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው እጥፍ ኀይል አይበቃውም፤ ስምንት እጥፍ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ 500 ሜትር በ2 ደቂቃ ተኩል የሚቀዝፍ ሰው የሚያወጣው ኀይል 104 ዋት ያህል ነው፤ በ2 ደቂቃ የሚቀዝፈው ግን 202 ዋት ያህል ያወጣል። ከፊተኛው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ድካም ደክሞ፣ በግማሽ ሰዓት ያተረፈው 1,500 ሜትር ብቻ ነው፤ አንደኛው 6,000፣ ሁለተኛው 7,500 ሜትር ይሄዳሉና። አውስትራልያዊው ጆሽ ደንክሊ ስሚዝ በ2018 ሁለት ሺህ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ35.8 ሴኮንድ ፈጽሞ ክብረ ወሰን ባቆመ ጊዜ ያወጣው ኀይል ሲሰላ 590 ዋት ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ የፈረስ ጕልበት አምስት እጅ አራቱ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አይገኝም፤ ደግ ነገሩ ለቤተ ሰብ ቡድን አለማስፈለጉ ነው።

አባት፣ እናትና አያት ያሉበትን አንድ ቤት እናስብ። አባት ብርቱ ነው፤ 500ውን ሜትር በ2 ደቂቃ ይቀዝፋል፤ ግን የመሥሪያ ቤት ጕዳይ በዝቶበታልና በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በየጊዜውም ግማሽ ሰዓት ይቀመጥበታል። እናት በ2 ደቂቃ ተኩል፣ አያት በ3 ደቂቃ ይቀዝፋሉ፤ ሁለቱም ግን በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓታቸውን አያስታጕሉም። ሳምንቱ ሲቈጠር አባት 15,000፣ አያት 25,000፣ እናት 30,000 ሜትር ይኖራቸዋል። ሽማግሌው የሚያወጡት ኀይል 60 ዋት፣ ከልጃቸው ሢሶ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ በመዝገቡ ላይ ልጃቸውን ቀደሙ። አባት ይህን ለማሸነፍ ጕልበቱን ቢያጥፍ አይረዳውም፤ የሚረዳው ሌላ ቀን መቀመጥ ብቻ ነው። በአራት ሳምንትም ሦስቱ በአንድነት 280 ኪሎ ሜትር ይሞላሉ።

በእውነተኛው ጀልባ ነገሩ ሌላ ነው። ስምንት ሰዎች በሚቀዝፉበት ጀልባ አንዱ ደካማ ከሆነ ሰባቱ ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ከቡድኑ ያወጡታል። በመኪናው ግጥሚያ ግን የእያንዳንዱ ሜትር በሌላው ላይ ይደመራል እንጂ ከማንም አይቀነስም። የቡድን ግጥሚያ የተባለውም በዚህ መሠረት የቆመ ነው። ሠሪው ድርጅት በኢንተርኔት በሚጠብቀው መዝገብ ላይ ወዳጆች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ወይም አንድ ቤተ ሰብ ስም አውጥተው ይጻፋሉ፤ ከዚያም በተወሰነው ወር የቀዘፉትን ሁሉ ያስመዘግባሉ። አንዱ ግጥሚያ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15፣ ሌላው በጃንዩወሪ ወር ይደረጋል። ከአሜሪካውያን የምስጋና ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 24 ድረስ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ 100,000 ወይም 200,000 ሜትር ለመፈጸም የሚተጋበት አለ።

መዝገብ ባለበት ሁሉ ፈተና አለ። ሜትሩን ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው ቀዛፊው ራሱ ስለ ሆነ፣ ያልቀዘፈውን ሊጽፍ የሚችል ሰው አይጠፋም፤ ያለ ምስክር የገባ ቃል በችሎት እንኳ ስንት ነገር እንደሚያበላሽ እናውቃለን። በወዳጆች መካከል ግን ከዚህ የሚብስ ሌላ ጕዳት አለ፤ እርሱም ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ ሰንብቶ በመጨረሻው ቀን ያለፈውን ሁሉ ለመክፈል መነሣት ነው። የቀዛፊዎች ሕመም ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በወገብ ላይ ነው፤ ወገብም የሚጐዳው ሰው ከደከመ በኋላ ሥርዐቱን ትቶ መሳቡን በቀጠለ ጊዜ ነው። ስለዚህ የቡድን አለቃ የሆነ ሰው የሁሉን ሜትር ብቻ ሳይሆን የሁሉን ቀን ይቍጠር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል የሚል ነውና፣ አምስት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያለው ቤት የምክሩን የመጀመሪያ ልክ አገኘ ማለት ነው። ከጧት እስከ ማታ ወንበር ላይ ጐንበስ ብለን ለምንውል ጸሐፊዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአቀዛዘፉን ሥርዐት በአጭሩ እንናገር። የጣና ታንኳ ነጂ ፊቱን ወደሚሄድበት ያደርጋል፤ የዚህ ቀዛፊ ግን ወደ ኋላው እንደሚሄድ ሆኖ ይቀመጣል። ሲነሣ ጕልበቱ ታጥፎ፣ ክንዱ ተዘርግቶ፣ ጀርባው ሳይጐብጥ ከዳሌው ወደ ፊት ያዘነብላል። ቀድሞ በእግሩ ይገፋል፤ እግሩ ሊዘረጋ ሲል ጀርባው ወደ ኋላ ይከፈታል፤ በመጨረሻ ክንዱ እጀታውን ከደረቱ በታች ያደርሳል። ሲመለስ ተራው ይገለበጣል፤ ክንድ፣ ጀርባ፣ ከዚያ እግር። ጕልበት ቀድሞ ከታጠፈ እጀታው ጕልበቱን ይመታዋል፤ ይህም ስሕተቱን ለማስተማር ከመምህር ቃል የሚበልጥ ነው። ብዙ ሰው ቀዘፋን የክንድ ሥራ ይመስለዋል፤ የሚበዛው ኀይል ግን የሚወጣው ከእግር ነው። መመለሱ ከመሳቡ እጥፍ ጊዜ ይውሰድ፤ በዚያች ዕረፍት ሳንባ ይሞላል። ለጀማሪ በደቂቃ ከ18 እስከ 24 ጊዜ መሳብ ይበቃዋል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የመኪናው ግጥሚያ ሌላም በር ከፍቷል። በዓለም ውድድሮች ሰው በዕድሜውና በክብደቱ ይመደባል፤ እግራቸው የማይታዘዛቸው ሰዎችም በማይንሸራተት መቀመጫ ላይ ተደግፈው በክንድና በትከሻ ብቻ የሚቀዝፉበት ማዕርግ አላቸው። በ2023 ደግሞ የአካል ሥራን የሚመረምሩ ሊቃውንት ስለ አንድ የአየርላንድ ሽማግሌ ጻፉ። ሰውዬው ሥልጠና የጀመሩት ከ70 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው፤ ሲመረመሩ 92 ዓመታቸው ሲሆን፣ በዕድሜያቸው ማዕርግ አራት ጊዜ የዓለም አሸናፊ ሆነው ነበር። በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀዝፋሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 70ው እጅ ዝግ ያለ፣ 20ው ብርቱ፣ 10ሩ ብቻ በሙሉ ኀይል የሚደረግ ነው። በተፈተኑበት ጊዜ ልባቸው በደቂቃ 153 ጊዜ ሲመታ ተቈጠረ። ከቍጥሮቹ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ያ 70ው እጅ ነው፤ አራት ጊዜ ያሸነፉት ሰው አብዛኛውን መንገድ የሄዱት ሳይቸኵሉ ነበርና።

በአንድ መኪና ብቻ ለመጋጠም የሚሹ ቤተ ሰቦች ደግሞ መፈራረቅ ይችላሉ። አንዱ የተወሰነውን ሜትር ሲጨርስ እጀታውን ይመልሳል፣ ሌላው መንኰራኵሩ ሳይቆም ፈጥኖ ይቀመጣል፤ እግር በጠፍር ሳይታሰር፣ ሕፃናትም ከሐዲዱ እንዲርቁ ተደርጎ ነው። ብዙውን ጊዜ ቡድኑ የሚሸነፈው በቀዘፋው ሳይሆን በመቀመጡና በመነሣቱ ነው፤ ሣቁም የሚበዛው በዚሁ ቦታ ነው። ሲፈጸም ሐዲዱ በጨርቅ ይወልወል፤ ሰንሰለቱም ኀምሳ ሰዓት በሠራ ቍጥር ዘይት ይቀባ። ይህን ሥራ ለመጨረሻው ተሸናፊ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ሽማግሌው የተሸነፉ እንደ ሆነ ግን የልጅ ልጃቸው ጨርቁን ይቀበላቸዋል።