የፒስ ሆቴል ሽማግሌዎች

ሻንጋይ ድረስ ሄዶ የዱባይ ግልባጭ በሆነ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ማደር ለእኔ ብር መጣል ነው። ቡንድ በሚባለው የወንዝ ዳር ጎዳና፣ ናንጂንግ መንገድ የሚነሳበት ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ የመዳብ ጣሪያው ሹል የሆነ ፒስ ሆቴል አለላችሁ። ቪክቶር ሳሱን የተባለ ከበርቴ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1929 «ካቴይ» በሚል ስም ከፈተው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1956 ነው። በ2007 ለእድሳት ተዘግቶ በ2010 ተከፍቷል። ታክሲ ስትይዙ ብቻ ልብ በሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የቀይና ነጭ ጡብ ሕንፃም የፒስን ስም ይጋራል፤ ሆቴሉ ግን ሌላ ነው።

ስለ ክፍሎቹ ብሮሹሩ ይነግራችኋል። የእኔ ጉዳይ ጃዝ ባሩ ነው።

«የባሩ ባንድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይጫወታል» የሚል አስጎብኚ ሰምቼ ዝም ማለት አቅቶኛል። ሐሰት ነው። በእርግጥ ያኔ ሻንጋይ በጃዝ ያበደች ከተማ ነበረች፤ የሆቴሉ 8ኛ ፎቅም የዳንስ አዳራሽ ነበረው። ከ1949 በኋላ ግን ጃዝ «ቢጫ ሙዚቃ» ተብሎ ተወገዘ፤ በባህል አብዮቱ ዘመን ደግሞ የምዕራባውያን ሙዚቃ መጫወት ጣጣ ያመጣ ነበር። ባንዱ የተቋቋመው በ1980፣ አገሪቱ ለውጭ እንግዳ በሯን መክፈት ስትጀምር ነው። የተሰባሰቡትም በወጣትነታቸው የተማሩትን ዜማ በልባቸው ይዘው ያረጁ ሙዚቀኞች ነበሩ። ሙዚቃው ሳይቋረጥ ቢቆይማ ምን ይደንቃል? ጉዱ ያን ያህል ዘመን ተቋርጦ መቀጠሉ ነው።

ዛሬ መድረክ ላይ ያሉት ተተኪዎችም አዛውንት ናቸው። በሄድኩበት ምሽት ሳክስፎን የሚነፉት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጭ ብለዋል። አንቀላፉ ብዬ ስሠጋ ተራቸው ሲደርስ ብድግ ብለው ሶሏቸውን ለቀቁት። ሲጨርሱ የሳክስፎኑን አፍ በመሐረብ ጠረግ አድርገው ተቀመጡ፤ ጭብጨባውን ያልሰሙ ይመስል።

ፊት ወንበር ይዛችሁ አንድ ዘፈን በስልክ ቀርጻችሁ ውልቅ የምትሉ፣ እባካችሁ ከኋላ ተቀመጡ። መድረኩ ፊት ቆማችሁ ሰልፊ የምትነሱም እንዲሁ። ባሩ ውስጥ ለመግባት አልጋ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ መጠጡ ግን ውድ ነውና አንድ አዝዛችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ዕቃ ሊጭን ሻንጋይ ብቅ ያለ የመርካቶ ነጋዴም ቢሆን ለአንድ ምሽት ካልኩሌተሩን ኪሱ ውስጥ ቢከት አይከስርም።