ከማሳ የሚወጡ የጀርመን የጦር ዓርማዎች፦ ጉዳታቸው ምን ይናገራል?

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሰማንያ ዓመታት ቢያልፉም በምሥራቅ ጀርመን፣ በብራንደንበርግ ግዛት የሚገኙ ማሳዎችና ደኖች የጦርነቱን ቅሪት ማውጣታቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ በኤፕሪል 1945 ብርቱ ውጊያ በተካሄደባቸው የዜሎው ኮረብታዎችና የሃልበ ደን አካባቢ ጥይት፣ የራስ ቁርና ወታደሮች በደረታቸው ያደርጓቸው የነበሩ ዓርማዎች ከአፈር ውስጥ ይገኛሉ። አብዛኞቹ የተጎዱ ናቸው።

ጉዳቱ ዓርማው ከምን እንደተሠራ ያመለክታል። በጦርነቱ መጀመሪያ ብዙዎቹ የሚሠሩት ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ ነበር። ጦርነቱ ሲራዘም መዳብ ለጦር መሣሪያ በመፈለጉ አምራቾች ወደ ዚንክ ዞሩ። የመዳብ ቅይጥ በአፈር ውስጥ አረንጓዴ ሽፋን ቢይዝም ቅርጹን ይጠብቃል። ዚንክ ግን ነጣ ያለ ዱቄት እያወጣ ይበላል፤ ቅቡ ይረግፋል፣ ከጀርባው ያለው መርፌም ይነቀላል። ከብረት የተሠራውን ደግሞ ዝገቱና ማግኔት ይለዩታል።

ለምሳሌ ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው ዓርማ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። ጥቁሩ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ብርማው ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ወርቃማው አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለቆሰለ ይሰጥ ነበር። ቅቡ የረገፈ የዚንክ ዓርማ ግን ብርማው ከወርቃማው ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚዎች በእጥፋቶቹና በፊደላቱ ጥግ የቀረውን ቅብ፣ የመርፌውን ብየዳና የአምራቹን ምልክት በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ። መርፌው የተተካ ወይም በአሲድና በሽቦ ብሩሽ የተፈገፈገ ዓርማ ዋጋው ይወርዳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች አዲሱን በኬሚካል ስለሚያስረጁ ጉዳት ብቻውን የእውነተኛነት ማረጋገጫ አይሆንም።

ከዋጋው በላይ የሚከብደው ግን የተገኘበት ቦታ ነው። ከዓርማው አጠገብ የሰው አፅም ሊኖር ይችላል። የጀርመን ወታደር በአንገቱ ያንጠለጥለው የነበረው መለያ ሰሌዳ መሐሉ ላይ የተበሳሳና በሁለቱም ግማሾች ተመሳሳይ ጽሑፍ ያለው ነበር። ወታደሩ ሲሞት የታችኛው ግማሽ ተሰብሮ ለመዝገብ ይወሰዳል፣ የላይኛው ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል። ሳይሰበር የተገኘ ሰሌዳ የባለቤቱ ሞት ሳይመዘገብ መቅረቱን ሊያመለክት ይችላል። በሰሌዳው ላይ የወታደሩ ስም ስለማይጻፍ ማንነቱ የሚታወቀው አሁን በጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት በሚገኙት መዝገቦች አማካኝነት ነው። ሰሌዳውን በኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው የአንድን ቤተሰብ መርዶ ይዞ ይሄዳል።

በጀርመን ሕግ ስዋስቲካ ያለበትን ዓርማ በአደባባይ ማሳየት ወንጀል ነው፤ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለታሪክ ዘገባ ግን ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ በ1957 የወጣ ሕግም ተሸላሚዎች ኒሻናቸውን እንዲያደርጉ የፈቀደው ስዋስቲካው ከተነሳ ብቻ ነው።

በእነዚህ አካባቢዎች ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብም ከአፈር በታች አለ። ስለዚህ ብረት ያገኘ ገበሬ ማረሻውን አቁሞ፣ ሳይነካ፣ ለፖሊስ ማሳወቁ ይበጀዋል፤ ሕይወቱን ይጠብቃል፣ የሞተውንም ሰው ስም ለማግኘት መንገድ ይከፍታል።