«ሶፍትዌር ብቻ ነው፤ ሞተሩን አይነካውም»

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቱርቦ ያለው ስፖርት መኪና የገዛ አበሻ ወጣት ምክሩን ለመስማት ብዙ አይቆይም። «ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው ያፈነው። ኮምፒውተሩን ብቻ አስነካው፣ ጉልበቱ በነፃ ይመጣልሃል። ዕቃ አይቀየር፣ ሞተር አይከፈት፤ ምን ሊሆን?»

ምን ሊሆን እንደሚችል አንድ ዘመዴ ከኪሱ ከፍሎ አይቶታል። ቨርጂኒያ ሳለ ሱባሩ ኤስቲአዩን ለ93 ኦክቴን ቤንዚን በተጻፈ ፋይል ቲዩን አስደረገ፤ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀየረ። መኪናው በረረ፣ እሱም ደስ አለው። ከዚያ ለሥራ ወደ ዴንቨር ተዛወረ። እዚያ ማደያዎች የሚሸጡት ከፍተኛው ቤንዚን በአብዛኛው 91 ነው፤ ከተማዋም ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፋይሉን ግን ማንም ለውጥ አላለውም። በሐምሌ ሙቀት ተራራ ሲወጣ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ወጣ፣ የአራተኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ወረደ። ሞተሩ ሲፈታ አንዱ ፒስተን ተሰብሮ ተገኘ። ፋይሉን የሸጠለት ሰው በስልክ የሰጠው መልስ «ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር» የሚል ነው። አልዋሸም፤ ቨርጂኒያ ላይ ደህና ነበር።

እምነቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። አንድን ሞተር በተለያየ ጉልበት መሸጥ የመኪና ኩባንያዎች የቆየ ልማድ ነው። ቢኤምደብሊው ኤን54 የተባለውን ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር በ335አይ ላይ በ300 የፈረስ ጉልበት ሸጠው፤ በ335አይኤስ ላይ ግን 320 አደረገው። ቶዮታም የ2020 ሞዴሉን ሱፕራ በአሜሪካ በ335 የፈረስ ጉልበት አቅርቦ በዓመቱ 382 አድርሶታል። ይህን ያየ ሰው «አላልኳችሁም? ተደብቆ ነበር» ቢል አልፈርድበትም።

ግን ኩባንያዎቹ ጉልበቱን ሲጨምሩ ሌላ ምን እንደነኩ ተመልከቱ። ቢኤምደብሊው ለ335አይኤስ ተጨማሪ ራዲያተርና ጠንከር ያለ ፋን ገጠመለት። ቶዮታ ፒስተኖቹን ቀይሮ የመጭመቂያ ምጣኔውን ከ11 ለ 1 ወደ 10.2 ለ 1 ዝቅ አደረገ፤ ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበትንም ክፍል ባለ ሁለት ቀዳዳ የነበረውን ባለ ስድስት ቀዳዳ አድርጎ ሠራው። ሞተሩን የሚያውቁት፣ የዋስትናውን ዕዳ የሚከፍሉትም ሰዎች በሶፍትዌር ብቻ አላለፉትም። በላፕቶፕ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ «ያው ነው» የሚለን ሰው ታዲያ ከእነሱ ምን አውቆ ነው?

ቲዩን የሚያደርገው ነገር ምስጢር የለውም። የቱርቦውን ግፊት ይጨምራል፣ ለተጨማሪው አየር የሚሆን ቤንዚን ያዛል፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ቅጽበት ያስቀድማል። ሦስቱ ተደምረው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊትና ሙቀት ከፍ ያደርጋሉ። ግፊቱና ሙቀቱ ቤንዚኑ ከሚችለው በላይ ሲሆኑ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይዳረስ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። መካኒኮች ሞተሩ ኖክ አደረገ የሚሉት ይህንን ነው። የኦክቴን ቁጥርም ሌላ ነገር አይለካም፤ ቤንዚኑ ይህን ፍንዳታ ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው የሚናገረው።

ፋብሪካው ኖክን ሩቅ ለማድረግ ጉልበት አስቀርቷል። ያ የቀረ ጉልበት በጎተራ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል ነው። ክፉ ቀን የሚባለውም ጦርነት አይደለም። ማደያው ያልጠበቁትን ቤንዚን የሰጠ ቀን፣ 38 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መንገድ ተዘግቶ የቆሙበት ቀን፣ ካንዴላው ያረጀበት፣ ዘይቱ የጎደለበት ቀን ነው። ፋብሪካው መኪናውን ማን እንደሚገዛው፣ የት እንደሚነዳው፣ ዘይቱንም በጊዜው ይቀይር እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ለሁሉም ይበቃል ያለውን አስቀመጠ። ቲዩን ከዚያ እህል ወስዶ ያበላችኋል። መብላቱ ክልክል አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ «ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ዝም ብሎ ትርፍ ነው» ብሎ የሚያቀርበው ሰው ነው።

ጎተራው በሁሉም መኪና እኩል አለመሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ኤስቲአይ አሜሪካ የገባው በ2004 ሞዴል በ300 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ በ2021 ሲያበቃ 310 ላይ ደርሶ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተሸከመው ያንኑ ኢጄ257 የተባለውን ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። ፒስተኖቹ ሲሊከን ከበዛበት አሉሚኒየም በማፍሰስ የተሠሩ ናቸው። ለቀዝቃዛ ጠዋትና ለረጅም ዕድሜ ጥሩ ናቸው፤ ለኖክ ግን ደካማ ናቸው። የሚሰበሩት በላይኛውና በሁለተኛው ሪንግ መካከል ባለችው ቀጭን ግድግዳ በኩል ነው። አንዷ ጠንካራ ኖክ ልትሰነጥቃት ትችላለች፤ ትናንሾቹ ግን ለወራት እየተጠራቀሙ ይሠሯታል፤ ሹፌሩም ሬዲዮውን ከፍቶ እየነዳ አይሰማውም። ኤን54 በአንጻሩ የውስጥ አካሉ ብዙ የሚሸከም ነው፤ በዚያ መኪና ላይ የሰማችሁት ተአምር እውነት ሊሆን ይችላል። ያንን ወስዶ ሱባሩ ላይ መመስከር ግን የሌላ ሰው መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው የሚል መካኒክ አውቃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልልም።

ወደ ዴንቨር እንመለስ፤ ከፍታውን አቅልለው የሚያዩ ብዙ ናቸው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሲነጻጸር 83 በመቶ ገደማ ነው። በባሕር ጠለል ቱርቦው 1 ባር ሲጨምር አየሩን ሁለት እጥፍ መጭመቅ ይበቃዋል። ያንኑ የአየር መጠን ዴንቨር ላይ ለመስጠት ግን 2.4 እጥፍ መጭመቅ አለበት፤ በአዲስ አበባ ከፍታማ 2.6 ይሆናል። ቱርቦው የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩ የበለጠ ይሞቃል፣ ኖክም ይቀርባል። በዚህ ላይ ከ93 ወደ 91 መውረዱ አለ። የፋብሪካው ፕሮግራም ይህን ሁሉ አስቦ ራሱን ይገታል፤ አንዳንድ የቲዩን ፋይሎች ግን ዳይኖ በሚባለው የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ የሚታየው ቁጥር እንዳይቀንስ ሲባል ያንን መግቻ ያላሉታል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፦ የዘመዴን ፒስተን የሰበረው ፋይሉ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ኢጄ257 ምንም ሳይነካ የተሰበረባቸውም አሉ። መኪናውን ከሌላ ሰው ስለገዛው ከእሱ በፊት ምን እንዳለፈበት መናገር አይቻልም። ምናልባት ስንጥቁ ቀድሞ ነበር። ይህ ግን ሻጩን አያድነውም። ፋይሉ ከመጫኑ በፊት ኮምፕሬሽን ቢለካ ሊታይ ይችል ነበር፤ ጥያቄውን ያነሳ እንኳን አልነበረም።

ስቴጅ 1፣ ስቴጅ 2 የሚባለውም ብዙ ሰው ያደናግራል። በልማድ 1 ሲባል ሶፍትዌር ብቻ፣ 2 ሲባል ከቱርቦው የሚወርደው የማርሚታ ቧንቧም ሲቀየር፣ 3 ሲባል ቱርቦው ራሱ ሲተካ ነው። ደረጃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ግን የለም። የአንዱ ሻጭ ስቴጅ 1 ከሌላው ስቴጅ 2 የበለጠ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ ልለፋቸው።

«ብሎው ኦፍ ቫልቭ ጉልበት ይጨምራል።» ድምፅ ይጨምራል። ኤስቲአይ የሚገባውን አየር በሴንሰር ለክቶ ነው ቤንዚን የሚያዘው። የተለካውን አየር ወደ ውጭ ስትለቁት ኮምፒውተሩ ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል። «ፕሽሽ» ለሚለው ድምፅ ከፍላችሁ ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር የተበላሸ ድብልቅ ታገኛላችሁ።

«የኦክቴን ማሳደጊያ ጠርሙስ 7 ነጥብ ይጨምራል።» በጠርሙሱ ላይ አንድ ነጥብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ነው። 91 የነበረው 91.7 ይሆናል እንጂ 98 አይሆንም።

«ኢ85 ብቻ ቅዳ፣ ኖክ የለም።» ኤታኖል ኖክን በመቋቋም በእርግጥ ጎበዝ ነው። ነገር ግን ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ሲያስፈልግ፣ ለኢ85 የሚበቃው 9.8 ገደማ ስለሆነ ብዙ ተጨማሪ ነዳጅ መርጨት ይኖርበታል። የፋብሪካው ፓምፕና ኢንጄክተር ካልቻሉት ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይቃጠላል። በአሜሪካ ማደያ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠውም እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ኤታኖሉ ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል። ይዘቱን የሚለካ ሴንሰር ሳያስገቡ መቅዳት ቁማር ነው።

«ሕግ ይጠብቀኛል፤ ዋስትናዬን ሊሰርዙ አይችሉም።» የ1975ቱ የማግነሰን ሞስ ሕግ ዕቃ ስለቀየርክ ብቻ ዋስትናህ አይሰረዝ ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ብልሽቱን ያመጣው የቀየርከው ነገር ከሆነ ግን ኩባንያው ያንን ጥገና አይከፍልም። የቱርቦ ግፊት ጨምሮ ፒስተን የሰበረ ሰው በዚህ ሕግ መከራከሩ አያዋጣውም። ፋይሉን መልሼ አጠፋዋለሁ የሚለውም አያስተማምን። የፎልክስዋገንና የአውዲ ነጋዴዎች ቲዩን ያገኙበትን መኪና ቲዲ1 በሚል ምልክት መዝገብ ውስጥ ያስገቡታል፤ ምልክቱም መኪናውን ተከትሎ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ይደርሳል።

«ዳይኖ ያለው ቁጥር አይዋሽም።» አንዱ ማሽን ከሌላው ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የቀኑ ሙቀትና የተመረጠው ማስተካከያ ስሌትም ቁጥሩን ይለውጡታል። ከዳይኖው የሚጠቅመው የራሳችሁ መኪና በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቀን፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የሰጠው ልዩነት ነው። የጎረቤትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ማወዳደር ከንቱ ነው።

ለጉልበት ሲባል ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አውጥቶ መጣል ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራሉን የአየር ንጽሕና ሕግ መጣስ ነው። ስለ እሱ ክርክርም የለኝም።

ይህን ሁሉ ብዬ ቲዩን አታስደርጉ አልልም። በትክክል የተሠራባቸው መኪኖች ዓመታት ሲሄዱ አይቻለሁ። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ የኮምፕሬሽንና የሊክዳውን (ሲሊንደሩ ግፊት ያፈስ እንደሆነ የሚያሳይ) ምርመራ ይደረግ፤ ሲሊንደሮቹ ተቀራራቢ ካልሆኑ ወሬው እዚያው ያብቃ። ቀጥሎ አዲስ ካንዴላ፣ አዲስ ዘይት፣ የማያፈስ የአየር ቧንቧ። ከዚያ ማቀዝቀዣው፤ ሻል ያለ ኢንተርኩለር በወረቀት ላይ ትልቅ ቁጥር ባይሰጥም ሞቃት ቀን ላይ ሞተሩን የሚያተርፈው እሱ ነው። ጎማና ፍሬን ከጉልበት መቅደም አለባቸው፤ ኤስቲአዩን በነበረው 300 ፈረስ እንኳ በወጉ ማቆም ያልቻለ ጎማ ላይ ጉልበት መጨመር ምን ይባላል? ፋይሉ በመጨረሻ ይምጣ፤ እሱም በምትኖሩበት ከተማ ለሚሸጠው ቤንዚን የተጻፈ ይሁን። ቲዩን የሚያደርገው ሰው ከጫነ በኋላ መንገድ ላይ የተቀዳ መረጃ ካልጠየቀ፣ ኖኩን ካላየ፣ «ደህና ነው፣ ሂድ» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከተማ ስትቀይሩም ፋይሉን አስቀይሩ።

ከጉልበት ሁሉ በዝቅተኛ ዙር የሚመጣውን ፍሩ። በ2,500 ዙር ላይ ከመቀመጫ ጋር የሚያጣብቅ ቶርክ ደስ ይላል፤ ቢዬላን የሚያጎብጠውም እሱ ነው። ጥሩ ባለሙያ ግፊቱን ወደ ላይኛው ዙር ይገፋዋል፤ መኪናው ያን ያህል አስደንጋጭ አይሆንም፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል።

ለሞተር መለወጫ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀመጠ፣ ሥራ የሚሄድበት ሌላ መኪናም ያለው ሰው የፈለገውን ይሞክር። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚያደርሳችሁ ያ ኤስቲአይ ብቻ ከሆነ ግን አታስነኩት።