ስለ ጥርስ ንጣትና ስለ ጥርስ መበለዝ

ጥርስ የፊት ጌጥ መሆኑን የማያውቅ የለም። የአገራችን ሰው የአንዲትን ልጅ ጥርስ ሲያደንቅ «ሐጫ በረዶ» ይላል። ይህን አባባል ከደጋ ሰው ይልቅ የሚረዳው አይገኝም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በጉና ተራራ ሥር፣ በፋርጣና በጋይንት የሚኖር ገበሬ በረዶ ጥሎ ማሳው ሲነጣ ያያልና፣ ስለ ንጣት ሲናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይፈልግም። የሰው ጥርስ ግን በረዶ አይደለም። ጥርሱን በረዶ ለማስመሰል ሲል ጥርሱን የሚያጠፋ ወጣት እየበዛ በመሄዱ፣ በዛሬው ዕለት ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ወደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። በአንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሦስት ወጣቶች የአንደኛው ጥርስ ነጭ፣ የሁለተኛው ወደ ቢጫ ያዘነበለ፣ የሦስተኛው ደግሞ የበለዘ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ የበለዘው ልጅ ሲስቅ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከንፈሩን ይገጥማል፤ ለሥራ ተወዳድሮ ለጥያቄ በቀረበ ጊዜ መልሱን እያወቀው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚያየውም ሰው «ይህ አፉን የማያጸዳ፣ ወይም ጫት የሚቅም ነው» ብሎ በልቡ ይፈርድበታል። ይህ ልጅ ግን ከሦስቱ ሁሉ አብልጦ ጧትና ማታ ጥርሱን የሚያጸዳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የጥርስ ቀለም ከየት እንደሚመጣ አለማወቅ በገንዘብና በጤና ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ላይ ፍርድ እስከ ማጣመም የሚደርስ ነገር ነው።

የጥርስ እውነተኛ ቀለም

ጥርስ ከላይ የሚሸፍነው ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉት ነገር አለ። ይህ ሽፋን በሰው ገላ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው። ጠንካራ ቢሆንም እንደ ደመና ብርጭቆ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። ከሥሩ ያለውና ዴንቲን የሚባለው ክፍል በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ስለዚህ የጤነኛ ሰው ጥርስ ከሥር ያለው ቢጫነት በጥቂቱ እያሳበቀ እንደ ወተት ሳይሆን እንደ ዝሆን ጥርስ መሆኑ የተገባ ነው። የሕፃን የወተት ጥርስ ከዋናው ጥርስ የነጣ ነው፤ ልጅ በ6 ወይም በ7 ዓመቱ የሚያበቅለው አዲስ ጥርስ ከጎኑ ካለው የወተት ጥርስ ጋር ሲተያይ ቢጫ ቢመስል ወላጆች ሊደነግጡ አይገባም። ዕድሜም ሲገፋ ኢናሜሉ እየሳሳ፣ ዴንቲኑ እየጎላ ይሄዳል፤ የአያቶቻችን ጥርስ መቢጨትም ከዚህ የተነሣ ነው።

የመበለዝ ምክንያቶች

ጥርስ ከተፈጥሮው ቀለም የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ከላይ የሚለጠፍ ነው። ቡናና ሻይ፣ ትምባሆና ጫት፣ ለሕፃናት የሚሰጠው የብረት ሽሮፕ፣ ከሁሉም ይልቅ ሳይጸዳ ቀርቶ በጥርስ ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረው እድፍ ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ ዓይነቱ በቀላሉ ይለቃል፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ጥርስ ማሳጠብ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው። በኳስ ጨዋታ ወይም በመውደቅ የተመታ ጥርስ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ብቻውን ሊጠቁር ይችላል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያለው ነርቭና የደም ሥር ስለ ሞተ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ አንድ ጥርስ ብቻ የጠቆረበት ሰው ማንጫ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ከሥሩ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛው ጥርስ በልጅነት በሚሠራበት ጊዜ የሚደርስ ጉዳት ነው። የጥርስ ኢናሜል በድድ ውስጥ ተሸሽጎ የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በዚያን ጊዜ ከባድ ትኩሳት ወይም ረኀብ ያገኘው ሕፃን ጥርሱ መስመርና ጉድጓድ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን መድኃኒት በአፉ የወሰደ ሕፃን፣ ወይም እናቱ በእርግዝናዋ ሁለተኛ አጋማሽ የወሰደችለት ልጅ ጥርሱ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለ ትራኮማ ሕመም በዓይን የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት ግን ወደ ገላ የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በደቡብ ጎንደር ያሉ እናቶች ለልጃቸው ጥርስ በመፍራት የዓይኑን ሕክምና ሊያቋርጡ አይገባም። እንደዚሁም «ግግ» እየተባለ የሕፃናትን ድድ ፈልፍሎ የወተት ጥርስ የማውጣት ልማድ ከደም መፍሰስና ከመመረዝ አደጋው ሌላ፣ ከሥሩ በመሠራት ላይ ያለውን ዋናውን ጥርስ ሊያበላሸው ይችላል።

የውኃ ነገር

ከዚህ ከሦስተኛው ክፍል በአገራችን ብዙ ሕዝብ የነካው የፍሎራይድ ጉዳይ ነው። ፍሎራይድ ከዐለት ወደ ውኃ የሚገባ ማዕድን ነው። ጥቂቱ ጥርስን ከመቦርቦር ይጠብቃል፤ ብዙው ግን በመሠራት ላይ ያለውን ጥርስ ያበልዘዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆአችን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ በብዙ ቦታ ከዚህ ወሰን ያልፋል። በ1946 ዓ.ም. የተከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች በጉድጓድ ውኃ ስላደጉ ጥርሳቸው መበለዙ፣ በአንዳንድ ሠራተኞችም ላይ አጥንት እስከ መጉዳት መድረሱ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው።

የዚህ ምሥጢር የተፈታው በአሜሪካ አገር ነበር። ፍሬድሪክ መኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 ዓመት ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሲገባ፣ የአገሬው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱንም ለብዙ ዓመታት ሲመረምር ቆየ። በመጨረሻም በ1931 ዓመት የአሉሚኒየም ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ቸርችል ውኃውን መርምሮ ጥፋቱ የፍሎራይድ መሆኑን አገኘ። መኬይ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ለእኛም ይጠቅመናል፤ ይኸውም ጥርሱ ከተሠራ በኋላ ወደ ከተማዪቱ የመጣ ሰው ጥርሱ አለመበለዙ ነው። እንግዲህ ጥርስ ሰው በልጅነቱ የጠጣው ውኃ የተጻፈበት መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ከወንጂ ወይም ከዝዋይ አካባቢ ወደ ደብረ ታቦር የመጣው ተማሪ ዛሬ የደጋ ምንጭ ውኃ ቢጠጣም መዝገቡ አይፋቅለትም፤ በዚህም ነገር አንዳች ጥፋት የለበትም።

የደጋው አገር ንቅሳት

የጎንደርና የጎጃም ሴቶች የጥርስን ንጣት የሚያጎሉበት የራሳቸው ጥበብ አላቸው፤ እርሱም የድድ ንቅሳት ነው። ነቃሿ ጥቀርሻ አዘጋጅታ ድዱን በመርፌ ወይም በእሾህ ደጋግማ ትወጋዋለች። ድዱ ይደማል፣ ያብጣል፤ ለጥቂት ቀናትም እህል ማኘክ ይቸግራል። ሲድን ግን ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሁሉ ጥርሱ አልተነካም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። ነገር ግን ነጭ በጥቁር አጠገብ ሲቀመጥ ንጣቱ ስለሚጎላ፣ የተነቀሰች ሴት በሣቀች ጊዜ ጥርሷ ሐጫ በረዶ መስሎ ይታያል። እናቶቻችን ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ዓይናቸው አስተውሎ ነው።

የሆነ ሆኖ ጥበቡን ማድነቅ አንድ ነገር ነው፤ መርፌውን ማስቀጠል ሌላ ነገር ነው። ከአንዷ ድድ ወደ ሌላዪቱ ድድ የሚዘዋወር መርፌ የጉበት በሽታ፣ ኤች አይ ቪና መንጋጋ ቆልፍ ሊያስተላልፍ ይችላል። ንቅሳት የሚደማ ድድ ያድናል የሚባለውም እውነት አይደለም። ድድ የሚደማው በጥርስ ሥር በተከማቸ እድፍ ምክንያት ነው፤ ንቅሳቱ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍነው ሕመሙ የዳነ ይመስላል እንጂ አይድንም።

ይሁንና ተምሮ ከተማ የገባ ልጅ በእናቱ ንቅሳት ሊያፍር አይገባውም። በጃፓን አገር ያገቡ ሴቶችና መኳንንት ለብዙ መቶ ዓመታት ጥርሳቸውን ማጥቆር እንደ ውበት ይቈጥሩት ነበር፤ መንግሥት መኳንንቱን የከለከላቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1870 ዓመት ነው። ውበት እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያል። በእናቷ ድድ የምታፍረው ልጅ ራሷ በስልክ ያየችውን ማንጫ ለመግዛት ደመወዟን የምታወጣ ከሆነ፣ እናትና ልጅ የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን ልታስተውል ይገባታል።

ማንጫ ምን ይሠራል?

ዛሬ የጥርስ ሐኪሞች ጥርስ የሚያነጡበት መድኃኒት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም ከእርሱ የሚገኝበት ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ነው። ይህ ነገር በኢናሜሉ ውስጥ ዘልቆ ቀለም የያዙትን ቅንጣቶች ይሰባብራቸዋል። በዕድሜና በምግብ ለቢጨ ጥርስ በደንብ ይሠራል። በቴትራሳይክሊን ለጠቆረው ወራት ይፈጃል፤ ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ላይነጣ ይችላል። በፍሎራይድ እጅግ ለበለዘው ግን ማንጫ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ ላዩን በጥንቃቄ ይፍቀዋል ወይም በስስ ሽፋን ያለብሰዋል። የተሞላና ሰው ሠራሽ ጥርስ ፈጽሞ አይነጣም። ከሕክምናው በኋላ ጥርስ በቀዝቃዛ ነገር መጠዝጠዙ፣ ድድም መቈጣቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይተዋል። ንጣቱም ለዘለዓለም አይቆይም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2012 ዓመት ጀምሮ ከመቶ 0.1 በላይ እስከ 6 እጅ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበት ማንጫ የሚሸጠው ለጥርስ ሐኪም ብቻ ነው፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነም አይሰጥም። እንግዲህ መጠኑ ያልተጻፈበትን ዕቃ ገዝቶ በገዛ አፉ የሚሞክር ሰው ምን ያህል እንደ ደፈረ ይመልከተው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በቤት የሚደረገው ነው። ሎሚ ጥርስ ላይ ማሸት፣ በከሰል ዱቄት መፈግፈግ፣ አልፎ ተርፎም በረኪና መንካት አለ። የሎሚ ኮምጣጣነት ኢናሜሉን ያሟሟዋል፤ የከሰል ዱቄትም ይሞርደዋል። ለጊዜው ጥርሱ የነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ነጩ ሽፋን በሳሳ መጠን ቢጫው ዴንቲን እየጎላ ስለሚመጣ፣ ንጣት ፈላጊው በመጨረሻ የሚያገኘው የሸሸውን ቢጫነት ነው። ኢናሜል ደግሞ አንድ ጊዜ ከጠፋ እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም።

ምን ይበጃል?

ማንኛውም ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጥርሱን በመስተዋት አይቶ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ። የበለዘው አንድ ጥርስ ነው ወይስ ሁሉም? በቅርቡ የመጣ ነው ወይስ ከልጅነት ጀምሮ ያለ? ከታጠበ በኋላ ይለቃል ወይስ አይለቅም? መልሱን ይዞ ወደ ጥርስ ሐኪም ቢሄድ የሐኪሙን ሥራ ያቀልለታል።

ለዕለት ጥበቃ ግን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። በየመንገዱ እየታሰረ የሚሸጠው የወይራና የክትክታ መፋቂያ በትዕግሥት ከተሠራበት መልካም መሣሪያ ነው። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፣ ድድን ሳይወጉ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መፋቅ፣ የኋላ ጥርሶችንም አለመርሳት፣ ያረጀውን ጫፍ እየቈረጡ መጣል ይገባል። የደጋው ምንጭ ውኃ በጠቅላላው ፍሎራይዱ አነስተኛ ስለ ሆነ ጥርስ አያበልዝም፤ ነገር ግን ከመቦርቦር የሚጠብቅበት ኃይሉ ያንኑ ያህል ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመፋቂያው ጋር ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መጠቀም ለደብረ ታቦር ልጅ ከማንም ይልቅ ያስፈልገዋል። ትናንሽ ሕፃናት እንዳይውጡት ግን ወላጅ ይቈጣጠር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለወጣት ሹማምንት የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ነገ ከጠረጴዛችሁ ፊት ለሥራ የሚቀርብ ወጣት ጥርሱ የበለዘ ሊሆን ይችላል። እርሱ በልጅነቱ ከጉድጓድ የተቀዳለትን ውኃ ጠጣ እንጂ ሌላ አላደረገም። ከአንደበቱ የሚወጣውን ቃል ስሙ፤ የጥርሱን ነገር ለሐኪሙ ተዉለት።